ተራራውን «ታምቡ» ብለው ያስመዘገቡት የአማቴ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው አባታችን እ.ኤ.አ. በ1951 በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ በሞሮቤ ክፍለ ሀገር፣ ሳቤንግ በተባለችው የተራራ መንደራችን፣ ከአባታቸው ከናሬንግ ሳኮ እና ከእናታቸው ከዋሲንጌ ቢዮ ተወለዱ። ወሩንና ቀኑን የመዘገበ የለም። እናታቸው ግን የመንደሩ ሰው የአውሮፕላን ማረፊያውን ሜዳ ሲመነጥር፣ እሳቸው ለሠራተኞቹ ጎደሬ እየቀቀሉ ሳለ ምጥ እንደያዛቸውና ጎደሬው እንዳረረ ሲናገሩ ኖረዋል። እንግዲህ የአባታችን የልደት ቀን ጎደሬው ያረረበት ቀን ነው።

የወላጆቻቸውን ስም ጠርቼ የራሳቸውን እንዳልጠራሁ አስተውላችሁ ይሆናል። የመንደሩ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ ከሌይ ከተማና ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለመጣችሁ እንግዶች ግን ላስረዳ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁትና አሁን የማነብላችሁ ኬሮንግ፣ የበኩር ልጃቸው የኤሊንጋ ባል ነኝ። በኛ ዘንድ «ታምቡ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው። ክልክል የሆነ ነገር ሁሉ ታምቡ ነው፤ አማትም አማችም ታምቡ ነው። የአማትን ስም መጥራት ደግሞ ራሱ ታምቡ ነው። አማቱ በወንዝ ስም የተሰየመ ሰው ወንዙን በሌላ ስም ይጠራል፤ በዛፍ ስም የተሰየመ እንደሆነም ዛፉን። የሚስትን አያቶች መጥራት ግን አይከለከልም፤ ከነሱ ጋር መቀለድም ይፈቀዳል። በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ከፎቶግራፋቸው በታች ያለውን ስም የጻፈችው ባለቤቴ ናት፣ ያተመው የማተሚያ ቤቱ ሰው ነው፣ የኔ እጅ የለበትም። ስለዚህ «አማቴ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

አማቴ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው፣ በ1960፣ የሁለት ቀን መንገድ ተጉዘው በባሕሩ አቅራቢያ ወዳለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ስድስተኛ ክፍልን በ1966 ጨረሱ። ከዚያ በላይ እንዲማሩ ተጠይቀው ነበር፤ አባታቸው ናሬንግ ለጸሎት ቤቱ ቀንደ መለከት ሲነፉ ደረታቸውን ታመው ስለነበር ልጃቸውን ወደ እርሻ መለሷቸው። አማቴ ከትምህርት ቤት ይዘውት የተመለሱት ትልቁ ሀብት ቀጥ ያለ፣ አንዱ ፊደል ከሌላው የማይጋፋ የእጅ ጽሑፍ ነበር። በሳቤንግ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ሰው ሁሉ ወደሳቸው ይመጣ ነበር፤ ለሚስት የሚጻፈውንም፣ ስለ ሚስት የሚጻፈውንም።

በ1970 የመንግሥት ቀያሾች ወደ ተራሮቹ ሲወጡ በሰንሰለት ያዥነት ተቀጠሩ። ሥራው የመለኪያውን ሰንሰለት እየጎተቱ ገደል መውጣትና መውረድ ነው። ከዚህ ሌላ ግን ማንም ያልቀጠራቸውን አንድ ሥራ በፈቃዳቸው ጨመሩ፤ የቦታዎቹን ስም ለቀያሾቹ መንገር። አማቴ ስሙን የማያውቁት ቦታ ሲገጥማቸው ገምተው አይናገሩም፤ ግማሽ ቀን ተጉዘው የቦታውን ባለቤት ጠይቀው ይመጣሉ። አንድም ስም አሳስቼ አላውቅም ብለው ይኩራሩ ነበር፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ እውነታቸውን ነው።

በ1972 ቀያሾቹ ወደኛው ተራራ ደረሱ። ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሆናችሁ ብታዩ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ከሆነ ይታያችኋል፤ ከዚያ በኋላ ደመናውን ለብሶ ይቀመጣል። የምንጠጣው ውሃ ከሱ ነው። ጎደሬያችን የሚበቅለው በሱ ውሃ ነው። የዛፍ ካንጋሮ እስካሁን የሚገኘው በሱ ጫካ ውስጥ ብቻ ነው። ቀያሹ ስሙን ሲጠይቁ አማቴ «ዛንጎሬ» አሏቸው፤ ቀያሹም «ዛንጎሬ» ብለው በካርታቸው ላይ ጻፉ። ያን ጊዜ አማቴ ላጤ ነበሩ፣ አፋቸውን የሚይዘው ነገር አልነበረም።

አገራችን ነጻ ከመውጣቷ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1974፣ አሁን ከፊት ወንበር ተቀምጠው የሚያለቅሱትን ባለቤታቸውን አገቡ። እሳቸውም አማቴ ስለሆኑ ስማቸውን አልጠራም፤ ይህ የሕይወት ታሪክ በስም በኩል ድሃ ነው። የባለቤታቸውን እናት ግን መጥራት እችላለሁ፣ ለኔ አያት ናቸውና። ቡቡ ዛንጎሬ ይባሉ ነበር፤ ቡቡ በኛ ዘንድ አያት ማለት ነው። እናታቸው በተራራው ግርጌ ከጎደሬ ማሳው መካከል ስለወለዷቸው የተራራው ስም ወጣላቸው። የአማቴ ታናሽ ወንድም ቢዮ በሠርጉ ቀን ከአሳማው ሥጋ እየቆረጡ ሰው ሁሉ በሚሰማበት «አገር ሙሉ ሴት ሞልቶልህ፣ ተራራ የሚያህል አማት ያላትን መረጥክ?» ብለው እንደቀለዱባቸው ይነገራል።

ቀልዱ እውነት ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ የተራራውን ስም በአፋቸው አላዞሩም። «ያኛው»፣ «ላይኛው»፣ «ውሃው የሚመጣበት» ይሉት ነበር። ቡቡ ዛንጎሬን በመንገድ ሲያዩ ከመንገዱ ወርደው ሣሩ ውስጥ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ፤ ቡቡ እስኪያልፉ። ማገዶ ፈልጠው በቡቡ ደጃፍ ያስቀምጣሉ፣ ቡቡም የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል ጠቅልለው በልጃቸው እጅ ይልካሉ። በዚህ ዓይነት አንድም ቃል ሳይለዋወጡ እጅግ ተከባብረው ኖሩ።

አሁን ወደ ስሕተቱ ደረስኩ። አማቴ ራሳቸው እንድናገረው አዘውኛል።

በ1978 የጎሣችን ሽማግሌዎች መክረው ተራራው በሕግ እንዲከለል ለመንግሥት አመለከቱ። የደን መሥሪያ ቤቱ ከሩቅ ደሴት የመጣ አንድ ወጣት ሠራተኛ ላከ። ሽማግሌዎቹ ጉልበት ስለሌላቸው ወደ ተራራው ትከሻ ይዘውት የወጡት አማቴ ብቻ ነበሩ። ሠራተኛው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የተራራውን ስም ጠየቃቸው።

አማቴ «ታምቡ» አሉት። «የሚስቴ እናት ስም ስለሆነ አልጠራውም፣ ሌላ ሰው ጠይቅ» ማለታቸው ነበር።

«ታምቡ? እንዲህ ነው የሚባለው?»

«አዎ፣ ታምቡ ነው።»

ሠራተኛው በደስታ ሳቀ። ክልክል የሚባል ተራራ ሊከለክል መምጣቱ ሥራው ተሠርቶ እንደጠበቀው ሆኖ ተሰማው። «የታምቡ ተራራ ጥብቅ ደን» ብሎ ጻፈና እንዲፈርሙ ሰጣቸው። አማቴ አነበቡት፣ ስሕተቱንም አዩት። ግን «ታምቡ አይደለም» ካሉ «ታዲያ ማነው?» መባላቸው ነው። ተራራውን ደግሞ የማያውቅ ማን አለ ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። በዚያ ቀጥ ባለ ጽሑፋቸው ፈረሙ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው ነው።

በዓመቱ አዋጁ በመንግሥት ጋዜጣ ታትሞ በአውሮፕላን መጣ። በታምቡ ተራራ ጥብቅ ደን ውስጥ ዛፍ መቁረጥ፣ ለሽያጭ ማደን፣ ማዕድን መፈለግም ሆነ መቆፈር ክልክል ነው ይላል። አማቴ ገጹን በላስቲክ ጠቅልለው ከመኝታቸው በላይ ሰቀሉት። ለሽማግሌዎቹ ጮክ ብለው ሲያነቡላቸው የተራራው ስም ያለበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ያስሉ ነበር።

ከ1979 እስከ 2009 ድረስ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ያለ ደመወዝ የጫካው ጠባቂ ሆነው አገለገሉ። ጎን ለጎንም ቡና ተክለው ለቅመው፣ ጆንያውን በትንሿ አውሮፕላን ወደ ሌይ እየላኩ አራት ልጆች አሳደጉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ነበሩ። በጥበቃቸው የሚያውቋቸው ሁሉ የሚያስታውሱት የ1991ዱን ነገር ነው። ቢዮ፣ ያው ታናሽ ወንድማቸው፣ በተከለለው ጫካ ውስጥ ከወንዙ አሸዋ እያጠቡ ወርቅ ሲለቅሙ አገኟቸው። ቆርቆሮ ቤት ሊሠሩ ነበር ሐሳባቸው። አማቴ ሳህኑን ከነአሸዋው ተቀብለው ወንዙ ውስጥ ደፉት። ቢዮ «አንተ የጠጠር ፖሊስ፣ ሕጉ ለባዕድ አይደለም እንዴ? ወንድምህን ትከለክላለህ?» አሏቸው። አማቴ «ወንድሜን ካሳለፍኩ ማንን ልመልስ ነው?» ብለው ሳህኑን መለሱላቸው። ቢዮ ሁለት ዓመት አኮረፉ። ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ሲስቁም አያቸዋለሁ።

በ2011 ሄሊኮፕተር መጣ። ስሙን የማልጠራው አንድ ኩባንያ በተራራው ላይ ማዕድን ለመፈለግ ፈቃድ እንዲሰጠው ማመልከቱን ሰማን። እኛ አልደነገጥንም፤ ሕግ አለን ብለን ሳቅን። ኩባንያው ግን ሕጉን አንብቦት ነበር የመጣው። ሕጉ የሚከለክለው በታምቡ ተራራ ላይ ነው፣ እኛ የምንጠይቀው በዛንጎሬ ተራራ ላይ ነው አለ። እውነትም የ1972ቱ ካርታ ዛንጎሬ ይላል። ታምቡ የሚባል ተራራ በካርታው ላይ የለም። ከአዋጁ ጋር ተያይዞ የነበረው ንድፍ በመጋዘን እርጥበት በልቶት ጠፍቷል። ታምቡ የሚባል ኮረብታ ደግሞ በየሸለቆው ሞልቷል፤ ሰው ክልክል ያለው ቦታ ሁሉ ታምቡ ነውና። አያቶቻችን የከለሉት ተራራ በወረቀት ላይ የትም የሌለ ሆኖ ተገኘ።

አማቴ በዚያ ሰሞን ከሱ። አንድ ቀን ቡና ስንለቅም፣ እኔ በ2009 ኤሊንጋን አግብቼ ገና አዲስ አማች ሳለሁ ነው፣ እጃቸውን ከቅርንጫፉ ላይ ሳያነሱ «ልጄ፣ ካርታው ላይ ያለው የላጤ አፌ ነው። ጋዜጣው ላይ ያለው የባለትዳር አፌ ነው። ሁለቱም የኔ ናቸው» አሉኝ። በመጀመሪያ አልገባኝም። የገባኝ ቆይቶ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የአማቴ ዝምታ ግን ሠላሳ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ነቅዞ ነበር።

ከሌይ በነጻ ልትረዳን የመጣችው ጠበቃ ዶርካስ ነገሩን ስትሰማ መፍትሔው ቀላል መሰላት። በ1978 ከፈረሙት ውስጥ በሕይወት ያሉት አማቴ ብቻ ናቸው። በማዕድን ዳኛው ፊት ምለው «ታምቡ ያልኩት ዛንጎሬን ነው» ካሉ ነገሩ ያልቃል። አማቴ በጽሑፍ ላድርገው አሏት። ጠረጴዛ ሰጠቻቸው። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተን ብናይ ወረቀቱ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ጽፈዋል፤ ያችም ተንቀጥቅጣለች። ዕድሜ ልኬን ያየሁት ቀጥ ያለ ጽሑፋቸው ያን ቀን ተንጋደደ። ዶርካስም ብትሆን ኩባንያው በአፍ እንዲናገሩ መጠየቁ አይቀርም አለች።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው ቀላል ነው፣ አንድ ስም ነው። ለሳቸው ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ያከበሯትን አሮጊት በአራት መንደር ሰው ፊት ማዋረድ ነበር፤ ዝም ካሉ ደግሞ አያቶቻቸው ያስረከቧቸውን ተራራ በራሳቸው አፍ ስሕተት ማስቆፈር ነበር። ባለቤቴ ቡቡን ፈቃድ ልጠይቃቸው ስትል አማቴ ተቆጧት። መጠየቁ ራሱ ነውር ነው፣ ለሞት የቀረበች ሴት ሰላሟን አትንሡ አሉ።

ችሎቱ በነሐሴ ወር 2012 በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ሸራ ተወጥሮ ተቀመጠ። የማዕድን ዳኛው ከደሴቶቹ የመጡ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ከአራቱም መንደር የመጣው ሰው ሣሩ ላይ ተቀምጧል፤ ቡቡ ዛንጎሬ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መካከል ምንጣፍ ላይ ናቸው። አማቴ መጽሐፍ ቅዱሱን ጨብጠው ማሉ። በተራራው ላይ ከሠራተኛው ጋር መውጣታቸውን፣ መፈረማቸውን መሰከሩ። ከዚያ ዳኛው የትኛው ተራራ እንደሆነ ጠየቋቸው።

አማቴ በአገጫቸው ወደ ላይ አመለከቱ። ሁላችንም ዞረን አየን። አራት ሰዓት ሆኖ ነበርና ደመና ብቻ ነው።

የኩባንያው ጠበቃ ተነሥቶ «ክቡር ዳኛ፣ ምስክሩ ያመለከቱት ደመና ነው፤ ደንበኛዬ ደመና ውስጥ የመቆፈር ሐሳብ የለውም» አለ። ሰው ሳቀ። የኛም ሰው ሳቀ፣ እውነቱን ልናገር፣ እኔም አመለጠኝ።

ዳኛው አልሳቁም። «አባባ፣ አገጭ መዝገብ ላይ አይጻፍም። ስሙን ይንገሩኝ» አሏቸው።

አማቴ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት። ላባቸው በመጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። የኩባንያው ጠበቃ ምስክሩ የተራራውን ስም እንደማያውቁ ይመዝገብልኝ አለ። ጸሐፊዋ መጻፍ ጀመረች።

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ። ቡቡ ዛንጎሬ በሁለት ልጃገረዶች ትከሻ ተደግፈው ቆመዋል። ዳኛውን አላዩም፤ የሚያዩት አማቴን ነው።

«አንተ የልጄ ባል» አሉ። ከዚያ በፊት ለአማቴ አንድም ቃል ተናግረው አያውቁም ነበር። «እኔን ባየህ ቁጥር መንገድ ስትለቅልኝ ኖርክ። ዛሬ እኔ ለቀቅኩልህ። ጥራኝ።»

አማቴ አንገታቸውን ደፉ። ቡቡ ቀጠሉ። «እኩዮቼ አልቀዋል። በስሜ የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ስንት ዘመኔ፤ ለሁሉ ቡቡ ነኝ፣ ለሁሉ ታምቡ ነኝ። ለኔ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቀን ቀርቧል፣ በተራራው ላይ ግን አይቆፈር። ጥራኝ አልኩህ።»

አማቴ ቀና አሉ። «ዛንጎሬ» አሉ።

ቡቡ «አቤት» አሉ።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ለጸሐፊዋ «ምስክሩ ተራራው ዛንጎሬ መሆኑን ተናግረዋል ብለሽ ጻፊ» አሏት። አማቴ አንዴ ከተከፈተላቸው ወዲያ አልተመለሱም። ዛንጎሬን በ1972 ለቀያሹ እንዴት እንደተናገሩ፣ ዛንጎሬን በ1978 ለምን ታምቡ እንዳሉት፣ ከዛንጎሬ የሚወርዱት ሦስቱ ወንዞች እነማን እንደሆኑ አንድ በአንድ ተናገሩ። ስሙን አሥራ ሰባት ጊዜ ጠሩት፤ በጣቴ ቆጥሬያለሁ። ቡቡም አሥራ ሰባቱንም ጊዜ ከምንጣፋቸው ላይ ሆነው «አቤት» ብለው መለሱ። መጨረሻ ላይ ዳኛውም ፈገግ ብለዋል።

በአምስተኛው ወር ደብዳቤው መጣ። በጥብቅ ደን ውስጥ ማዕድን መፈለግ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ የኩባንያው ማመልከቻ በተራራው ላይ ተቀባይነት አላገኘም፤ አዋጁም «ዛንጎሬ፣ በሌላ ስሙ ታምቡ» ተብሎ ይታረም ይላል። ያን ዕለት የተሰማኝን እፎይታ እስካሁን አልረሳውም። ሰው ሁሉ ከእርሻው እየተጠራ መጣ። ቢዮ፣ ያኔ ሳህናቸው የተደፋባቸው፣ ከሁሉ በላይ የጨፈሩት እሳቸው ናቸው። አማቴ ግን አልጨፈሩም፤ ቤታቸው ገብተው እስከ ማግስቱ ተኙ። ሠላሳ አራት ዓመት ያላገኙት እንቅልፍ ነው ያሉት ባለቤታቸው ናቸው።

ልማዱ ልማድ ነውና አማቴ ለጠሩት ስም አንድ ትልቅ አሳማ ለቡቡ ካሡ። ቡቡ ሥጋውን ለአራቱ መንደር አከፋፍለው ጭንቅላቱን ለአማቴ መለሱላቸው፤ ይህ ደግሞ የተጠራው ስም ቂም እንደሌለበት ምልክት ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት አራት ዓመታት አማቴ በቡቡ ደጃፍ ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው «ዛንጎሬ» ይሉ ነበር፤ ከውስጥም «አቤት» ይመጣ ነበር። ሌላ አይነጋገሩም፤ አማቴ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ቡቡ በ2016 ሲያርፉ በመቃብራቸው ላይ ስማቸውን የጠሩት አማቴ ናቸው።

አማቴ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የሳንባ ሕመም አደረባቸው። በአውሮፕላን ወደ ሌይ ሆስፒታል ተወስደው ስምንት ሳምንት ታከሙ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገውላቸዋል፤ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ወደ ቤቴ መልሱኝ ባሉት መሠረት ተመለሱ። የመጨረሻዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ፤ መተንፈስ እንደ ገደል መውጣት ሆኖባቸው ነበር። ስለዚህ ዛሬ ብናለቅስም ከልቅሶው በታች እፎይታ አለ፤ ያ ጭንቅ አብቅቷልና። ይህን ስል እግዚአብሔርም እሳቸውም አይቀየሙኝም።

በመጨረሻው ሳምንት ልጆቻቸው አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩላቸው። ተራራው እንደ ልማዱ ደመና ውስጥ ነበር። ኤሊንጋ ሲገለጥ እንጠራዎታለን ስትላቸው «ተዪው፣ ስሙ ተጽፏል» አሏት። ከዚያ እኔን ብቻ አስቀርተው ሌሎቹን አስወጡ። የሕይወት ታሪካቸውን ማን እንደሚያነብ ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኩ።

«እንዴት ብለህ ነው የምትጠራኝ?»

«አማቴ እያልኩ ነዋ፣ አባባ።»

ለመሳቅ ሞክረው ሳሉ። ሳላቸው ሲበርድ «እኔ ተራራውን ያደረግሁትን እኔ ላይ ልታደርግ ነው? ነገ ልጆቻችሁ መቃብሬን ሲፈልጉ ታምቡ የሚባል ሽማግሌ በየሸለቆው ሞልቶ ያገኛሉ። ጥራኝ፣ ልጄ። መንገዱን ለቅቄልሃለሁ» አሉኝ። እኔ ግን አፌ አልታዘዝ አለ። ነገ እጠራዎታለሁ አልኩ። በማግስቱ፣ ሐሙስ ሰኔ 13 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ተራራው ገና ደመናውን ሳይለብስ፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሳልጠራቸው ቀረሁ። ይህ ይቆጨኛል፣ ዕድሜ ልኬንም ይቆጨኛል።

አማቴ ባለቤታቸውን፣ ኤሊንጋን ጨምሮ አራት ልጆቻቸውን፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውን ቢዮ ናሬንግን ትተዋል። በተጨማሪም ማንም ያልቆፈረውን ተራራ ትተዋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ የሳቸውን ስም ከኔ አፍ በቀር ሁሉም ሲጠራው ኖሯል።

ዛሬ ጠዋት ለቢዮ አንድ አሳማ አስረክቤያለሁ። ቢዮ ዞር ዞር ብለው አይተውት ለእንዲህ ያለ ስም ትንሽ ነው ብለዋል፤ ግን ተቀብለዋል፣ ጭንቅላቱንም እመልስልሃለሁ ብለዋል። ስለዚህ መንገዱ ክፍት ነው። ይህን ወረቀት አጥፌ ወደ ሣጥኑ ዞሬ አንድ ጊዜ እጠራለሁ። እሳቸው አሁን ሌላ ጠሪ ዘንድ ናቸው፤ እሱ በስማቸው ሲጠራቸው ሳይዘገዩ እንደመለሱለት አምናለሁ። እኔ ስጠራቸው ግን ስማቸው ያለ መልስ እንዳይቀር፣ ከአራቱም መንደር የመጣችሁ ሁሉ ስለሳቸው ሆናችሁ «አቤት» በሉልኝ።

ሙዮንግ ናሬንግ።